የሚያበሩ ናኖ ቁሶች ለማይክሮስኮፕ ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕዋስ ውስጥ ያለን ነገር በብርሃን ምልክት ለማየት የሚሠሩ ተማሪዎችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሚያበራ ናኖ ቁስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብርሃን ሲያርፍበት የራሱን ቀለም ብርሃን መልሶ የሚረጭ፣ ስፋቱ ከጥቂት ናኖሜትር እስከ ጥቂት አሥር ናኖሜትር የሚደርስ ቅንጣት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፋይ ነው፤ ስምንት ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ በአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ አሥር ሺህ ያህሉ ይሰለፋሉ። በብዛት የሚታወቁት ኳንተም ዶት የሚባሉት የሴሚኮንዳክተር ፍንጣሪዎች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ናኖ አልማዝ፣ አፕኮንቨርዥን ቅንጣትና ካርቦን ዶት አሉ።

ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አብዛኛው ነገሩ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። በውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች ይርመሰመሳሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ቀለም ግን የላቸውም። ስለዚህ በምንፈልገው ፕሮቲን ላይ መብራት እንሰቅልበታለን። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ፋኖስ የያዘው ሰው ብቻ እንደሚታይ፣ መብራቱ ያለበት ፕሮቲን ብቻ ይታያል።

ለቲቢ ምርመራ ከምንጠቀምበት የኦራሚን ማቅለሚያ በምን ይለያል?

መሠረቱ አንድ ነው። ኦራሚን የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳ ላይ ካለው ሰም መሰል ቅባት ጋር ይጣበቃል፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቢጫማ አረንጓዴ ያበራል። ከእሱ ጋር የምንጠቀምበት ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ደግሞ የጀርባውን ብርሃን ያዳፍነዋል። በጥቁር ሜዳ ላይ ቀጫጭን ብሩህ ዘንጎች የሚታዩት ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 በኤልኢዲ መብራት የሚሠራውን ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ (የሚያበራ ምልክትን የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ) በመመሪያ ደረጃ ከደገፈ ወዲህ ይህ ትዕይንት ለብዙ የአገራችን የላብራቶሪ ባለሙያዎች የዕለት ሥራ ሆኗል። እዚያ የሠራ ሰው ለናኖ ቁስ እንግዳ አይደለም።

የተቀባው ስላይድ በጨለማ ይቀመጥ፣ ሳይውል ሳያድር ይነበብ የሚባለውን ያስታውሱ። ኦራሚን ብርሃን በነካው ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ይህ የሁሉም ተራ ማቅለሚያ ድካም ነው። ለቲቢ ምርመራ ብዙም አይጎዳም፤ ባክቴሪያው ከአንድ ማይክሮሜትር በላይ ርዝመት ስላለው አለ ወይስ የለም ብሎ መወሰን ይበቃል። አንዲት ፕሮቲን በሕዋስ ቆዳ ላይ ስትንሸራተት ለደቂቃዎች መከታተል የፈለገ ሰው ግን ገና ሥራውን ሳይጀምር ብርሃኑ ያልቅበታል። ናኖ ቁስ የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ጥሩ ሌንስ ካለኝ የፈለግሁትን ያህል ትንሽ ነገር ለምን አላይም?

ችግሩ የሌንሱ ጥራት ሳይሆን የብርሃን ባሕርይ ስለሆነ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ሌንስ ምንም ያህል ቢሞረድ አንድን ነጥብ መልሶ ነጥብ አድርጎ ማሳረፍ አይችልም፣ ትንሽ ክብ ጉም ያደርገዋል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1873 ወሰኑን በቀመር አስቀመጠው፤ በተግባር ሲታይ ከምንጠቀምበት ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ አካባቢ ነው። ለአረንጓዴ ብርሃን 200 ናኖሜትር ያህል ይሆናል።

ከማዶ ተራራ ላይ በሌሊት ሁለት ፋኖሶች ተጠጋግተው ቢበሩ ከዚህኛው ማዶ አንድ መብራት ሆነው ይታያሉ። ሕዋስ ውስጥም እንዲሁ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም 25 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ በሁለት ነርቮች መካከል ያለው የመልእክት ክፍተትም ወደ 20 ናኖሜትር ነው፤ ሁለቱም ከአቤ ወሰን በብዙ እጥፍ ያንሳሉ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያሳያቸዋል፤ ነገር ግን ናሙናው ደርቆና ተቆርጦ አየር በሌለበት ስለሚገባ ሕይወት ያለውን እንቅስቃሴ አናይበትም።

ታዲያ ወሰኑ እንዴት ታለፈ?

ወሰኑ አልተሻረም፤ በዘዴ ታለፈ። ሁለቱ ፋኖሶች አንድ መስለው የሚታዩት አብረው ስለሚበሩ ነው። ተራ በተራ ቢበሩስ? አንዱ ብቻ ሲበራ የሚታየው ጉም ሰፊ ቢሆንም መሃሉን በጣት መጠቆም ይቻላል። ከዚያ ይጠፋና ሌላው ይበራል፣ የእሱም መሃል ይመዘገባል። በሺዎች የሚቆጠሩ መሃሎች ሲሰባሰቡ ጉም የሌለበት ሥዕል ይወጣል። ፓልምና ስቶርም የሚባሉት ዘዴዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ቆመዋል። ኤሪክ ቤትዚግና ጓደኛው ሃራልድ ሄስ የመጀመሪያውን የፓልም መሣሪያ የገጣጠሙት ሥራ ፈትተው በነበሩበት ጊዜ፣ በሄስ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪ ሁሉ እነግራለሁ።

ሌላው መንገድ የስቴፋን ሄል ዘዴ፣ ስቴድ የሚባለው ነው። አንድ ሌዘር ነጥቡን ሲያበራ፣ ቀለበት ቅርጽ ያለው ሁለተኛ ሌዘር ጠርዙን ዙሪያውን ያጠፋዋል፤ መሃል ላይ የምትቀረው ብርሃን ከአቤ ወሰን በጣም ታንሳለች። ቤትዚግ፣ ሄልና አንዲትን ሞለኪውል በብርሃን ለይቶ በማየት መንገዱን የከፈተው ዊሊያም ሞርነር በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ለዚህ ሥራ ናኖ ቁስ ከተራ ቀለም የሚሻለው ለምንድን ነው?

ስለማይሰለች ነው ማለት ይቻላል። ተራ የቀለም ሞለኪውል በሌዘር ሥር የተወሰነ መጠን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ከረጨ በኋላ ኬሚካላዊ መዋቅሩ ይፈርሳል፤ አይመለስም። ኳንተም ዶት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አተሞች ያሉት ክሪስታል ስለሆነ ያንኑ ዱላ ለረጅም ጊዜ ይችላል።

ይህ ጽናት በቀጥታ ወደ ጥራት ይለወጣል። የጉሙ ስፋት ከመሃሉ ወደ ጎን 100 ናኖሜትር ያህል ነው እንበል። 100 ፎቶን ብቻ ከሰበሰብን መሃሉን የምናገኘው በ10 ናኖሜትር ስህተት ነው። 10,000 ፎቶን ከሰበሰብን ስህተቱ ወደ 1 ናኖሜትር ይወርዳል፤ ፎቶኑ መቶ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ በአሥር ይካፈላል። የጀርባ ብርሃንና የካሜራ ጉድለት ይህን ጥራት ይቀንሱታል፣ ዋናው ስሌት ግን ይኸው ነው። በዚህ መስክ ፎቶን ማለት ገንዘብ ነው፤ ያለው ይገዛል።

ሌላም አለ። ኳንተም ዶቶች የሚያወጡት ቀለም ጠባብ ነው፣ ለመብራት የሚቀበሉት ግን ሰፊ ነው። በአንድ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሌዘር አረንጓዴውን፣ ብርቱካናማውንና ቀዩን በአንድ ጊዜ ማብራት ይቻላል። ሦስት ፕሮቲን በአንድ ናሙና ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ያው ቁስ መጠኑ ሲለወጥ ቀለሙ ለምን ይለወጣል?

ማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን በጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲይዝ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ የሚርገበገበው ክፍል ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል። በኳንተም ዶት ውስጥ የሚርገበገበው ኤሌክትሮን ነው። ቅንጣቱ ሲያንስ ኤሌክትሮኑ በጠባብ ቦታ ይታፈናል፣ ኃይሉ ከፍ ይላል፣ የሚወጣው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይጠጋል። ኳንተም ዶት በብዛት የሚሠራበት ካድሚየም ሴሊናይድ 2 ናኖሜትር ሲሆን ሰማያዊና አረንጓዴ ድንበር ላይ ያበራል፤ 6 ናኖሜትር ሲደርስ ቀይ ይሆናል። ቁሱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው።

አሌክሲ ኤኪሞቭ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቀለም መስታወት ውስጥ፣ ሉዊስ ብረስ በ1983 በፈሳሽ ውስጥ ይህን አስተውለዋል። ሙንጂ ባዌንዲ ደግሞ በ1993 በጋለ ፈሳሽ ውስጥ ጥሬ ዕቃውን በድንገት በመርፌ በመርጨት፣ መጠናቸው እኩል የሆኑ ቅንጣቶችን የማውጣት ዘዴ አገኘ። ሦስቱ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። በዚያ ዘዴ ሲሠራ ከብልቃጡ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚቀዳው ናሙና በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲደረደር መጀመሪያ ሰማያዊማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻ ቀይ ሆኖ ይሰለፋል። ቅንጣቱ ሲያድግ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ስንት ጊዜ ባየውም አይሰለቸኝም።

ቅንጣቱ የምፈልገውን ፕሮቲን እንዴት ለይቶ ያገኛል?

በራሱ አያገኝም። ከብልቃጡ የሚወጣው ኳንተም ዶት ቅባት የለበሰ ስለሆነ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ሕዋስ ደግሞ ውሃ ነው። ስለዚህ ሽፋን በሽፋን ይለብሳል። መጀመሪያ በክሪስታሉ ዙሪያ የዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት ይደረግለታል፤ ይህ ብርሃኑን ያደምቀዋል፣ ካድሚየሙንም ያፍናል። ከዚያ ውሃ የሚወድ ፖሊመር ይለብሳል፣ በመጨረሻ ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ይሰካበታል። በብዛት የሚሠራበት ሌላው ማያያዣ ስትሬፕታቪዲን የሚባል ፕሮቲንና ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ነው፤ ሁለቱ ከተያያዙ በቀላሉ አይላቀቁም። ኳንተም ዶት ለሕዋስ ሥራ እንደሚሆን በ1998 ሁለት ቡድኖች በተመሳሳይ ጊዜ አሳዩ፤ አንደኛው የፖል አሊቪሳቶስና የሺሞን ዋይስ፣ ሌላው የሹሚንግ ናይና የዋረን ቻን ነበር።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በሽፋኑ ላይ ነው። እኔም አንድ ጊዜ አዲስ የለበሱ ቀይ ዶቶችን ጨው ባለው ፎስፌት መፍትሔ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ስመጣ ፈሳሹ ጥርት ብሎ፣ ከቱቦው ግርጌ ቀይ ዝቃጭ ተኝቶ አገኘሁ። ሽፋኑ ጨውን ስላልቻለ እርስ በርስ ተጣብቀው ወርደዋል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አዲስ ቅንጣት ሕዋስ ከማስነካቴ በፊት ሕዋሱ በሚያድርበት መፍትሔ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። እርስዎም እንዲህ ያድርጉ፤ የሳምንት ሥራ ያተርፋል።

በሕይወት ባለ ሕዋስ ላይ በእርግጥ የታየ አዲስ ነገር አለ?

አለ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የማክሲም ዳሃን ቡድን በፓሪስ በ2003 ያሳተመው ሥራ ነው። በአከርካሪ ነርቮች ላይ ያሉ የግላይሲን ተቀባዮችን (ግላይሲን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚቀበሉ ፕሮቲኖችን) በኳንተም ዶት ምልክት አደረጉባቸው። በተራ ቀለም አንዲትን ተቀባይ መከተል የሚቻለው ለ5 ሴኮንድ ያህል ነበር፤ በኳንተም ዶት ግን ከ20 ደቂቃ በላይ ተከተሏት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተቀባዩ በሁለት ነርቮች መገናኛ ላይ ሲገባ እርምጃው ሲታሰር፣ ሲወጣ ደግሞ እንደልቡ ሲፈነጭ ታየ። ተቀባይ በቦታው ተተክሎ የሚኖር ሳይሆን ገቢና ወጪ መሆኑ በዓይን ታየ። ከ5 ሴኮንድ ፊልም ይህን ማንበብ አይቻልም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤኖዋ ዱበርትሬና ባልደረቦቹ ኳንተም ዶትን በፎስፎሊፒድ ጠቅልለው በእንቁራሪት ፅንስ አንዲት ሕዋስ ውስጥ ከተቱ፤ ሕዋሷ ስትከፋፈል ብርሃኑ ወደ ልጆቿ እየተካፈለ እስከ ግልገልነት ደረጃ ድረስ ታየ። ኳንተም ዶት ከባድ አተሞች ስላሉት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። በብርሃን ያዩትን ያንኑ ናሙና በኤሌክትሮን መልሶ ማየት መቻል እንደ ሁለተኛ ምስክር ነው።

ብልጭ ድርግም ማለታቸው ጉድለት ነው ወይስ ጥቅም?

እንደ ሥራው ነው። አንዲት ኳንተም ዶት በማያቋርጥ ሌዘር ሥር ሆና እንኳ ድንገት ትጠፋለች፣ ደግሞ ትበራለች። በ1996 በነጠላ ዶቶች ላይ ሲታይ ብዙዎችን አስገርሟል። ዋናው ምክንያት ኤሌክትሮን ከቅንጣቷ አምልጦ ስለሚወጣ ነው፤ ቅንጣቷ ቻርጅ ይዛ ስትቀር ያገኘችው ኃይል በብርሃን ፈንታ ወደዚያ ትርፍ ቻርጅ ይሄዳል። ያመለጠው ሲመለስ ብርሃኑም ይመለሳል። የጨለማው ጊዜ አንዳንዴ ሚሊሴኮንድ፣ አንዳንዴ ብዙ ሴኮንድ ነው።

እንቅስቃሴ ለሚከታተል ሰው ይህ ራስ ምታት ነው፤ ዶቷ ጠፍታ ስትመለስ ያችው ነች ወይስ ሌላ? ወፍራም ቅርፊት ያላቸው ዶቶች ችግሩን በጣም ይቀንሱታል። በሌላ በኩል ተራ በተራ መብራት የሚፈልገው የምስል ዘዴ ይህንኑ ድርግምታ ይጠቀምበታል። በ2009 የወጣው ሶፊ የሚባል ዘዴ የእያንዳንዱን ፒክስል መዋዠቅ በስሌት ፈልቅቆ ከአቤ ወሰን የጠራ ሥዕል ያወጣል፤ መጀመሪያ የተሞከረውም በኳንተም ዶት ነበር። ሌላው ጥቅም ደግሞ ቀላል ነው፦ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋና የሚመለስ ነጥብ አንድ ዶት ነው፤ ጥርቅም ከሆነ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ስለሚበራ ጨርሶ አይጨልምም።

ከአራቱ ዓይነቶች የትኛውን ልምረጥ?

ጥያቄዎ ይምረጥልዎ። በሕዋስ ቆዳ ላይ ያለች አንዲት ተቀባይን መከተል ከሆነ ኳንተም ዶትን የሚያህል የለም፤ ደማቅ ነው፣ ማያያዣው ተዘጋጅቶ ይሸጣል።

ናኖ አልማዝ ብርሃኑን የሚያገኘው አንድ የካርቦን አተም በናይትሮጅን ተተክቶ፣ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ሲሆን ከሚፈጠረው ጉድለት ነው። አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ይረጫል፤ አይደበዝዝም፣ አይደርግምም ማለት ይቻላል፣ ለሕዋስም ገር ነው። እንደዚህ ያለ ጉድለት ላይ በአልማዝ ክሪስታል ውስጥ በስቴድ ዓይነት ዘዴ ከ10 ናኖሜትር በታች መለየት በ2009 ተችሏል። ከዚያም በላይ ሙቀትን ያነብባል፤ በ2013 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በሰው ሕዋስ ውስጥ የሙቀት ልዩነትን በናኖ አልማዝ ለክተዋል። ድካሙ መጠኑ ነው፦ በብዛት የሚገኘው ብዙ አሥር ናኖሜትር ነው፣ ቅርጹም የተሰበረ ድንጋይ ነው። እኔ በብዛት የምጠቀምበት ለችካልነት ነው፤ መስታወቱ ላይ ጥቂት አልማዝ ከተበተነ ማይክሮስኮፑ በሙቀት ሲንሸራተት እነሱን አይቶ ማረም ይቻላል።

አፕኮንቨርዥን ቅንጣት ነገሩን ይገለብጠዋል። ተራ ቁስ ሰማያዊ ተቀብሎ ወደ ቀይ ያወርዳል፤ ይህ ግን የማይታይ 980 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ተቀብሎ ሁለት ሦስቱን ደምሮ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያወጣል። በቅንጣቱ ውስጥ ካሉት ብረቶች ይተርቢየም ኃይሉን ይሰበስባል፣ ኤርቢየም ወይም ቱሊየም ይረጫል። ሕዋስ በኢንፍራሬድ በራሱ ስለማያበራ ጀርባው ጥቁር ነው። በ2017 ቱሊየም በብዛት የተጨመረባቸውን ቅንጣቶች በሁለተኛ ሌዘር በማጥፋት 28 ናኖሜትር ልየታ ተገኝቷል፣ ያውም ለስቴድ ከተለመደው በጣም ባነሰ የሌዘር ኃይል። መታገሥ ያለብዎ ብርሃኑ ዘግይቶ ስለሚወጣ ሥዕሉ ቀስ ብሎ መነሣቱን ነው፤ 980 ናኖሜትር ውሃን እንደሚያሞቅም አይርሱ። ካርቦን ዶት ርካሽና ገር ነው፣ ስለ እሱ ከታች ራሱን የቻለ ጥያቄ አለ።

ቅንጣቱ ራሱ ትልቅ ሆኖ የምለካውን አያዛባም?

ያዛባል። በዚህ መስክ በቂ ትኩረት ያላገኘው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የኳንተም ዶቱ ክሪስታል 5 ናኖሜትር ቢሆንም ፖሊመሩና ስትሬፕታቪዲኑ ሲጨመሩ 15 ወይም 20 ናኖሜትር ይደርሳል። ከእሱ በታች አንቲቦዲ አለ፣ አንዳንዴም በአንቲቦዲ ላይ ሌላ አንቲቦዲ። ፋኖሱን በረጅም ዱላ ጫፍ አስሮ የሚሄድ ሰው ማለት ነው፤ ፋኖሱ የት እንዳለ በ1 ናኖሜትር ጥራት ብናውቅም ሰውየው በ20 ናኖሜትር ራቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። የነርቮች መገናኛ ክፍተት ራሱ 20 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ ትልቅ ዶት የተሸከመ ተቀባይ በሩ ላይ ሊታገድ ይችላል። የዚያን ተቀባይ ዝግታ የተፈጥሮ ባሕርይ አድርጎ የጻፈ ሰው የጻፈው ስለ ሸክሙ ነው።

ሌላው ችግር አንድ ዶት ብዙ እጆች ያሉት መሆኑ ነው። ሁለት ሦስት ተቀባዮችን በአንድ ላይ ይይዝና ያስራቸዋል፤ ሕዋሱም ይህን እንደ መልእክት ቆጥሮ ወደ ውስጥ ሊውጣቸው ይችላል። መፍትሔው ቀጭን ሽፋን፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው ስትሬፕታቪዲንና አጭር ማያያዣ ነው። ናኖቦዲ የሚባለው ትንሽ አንቲቦዲ እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው፤ መሠረቱ በ1993 በብራስልስ ተመራማሪዎች ከግመል ደም የተገኘ ነው። የተራውን አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚመዝን ዱላውን ያሳጥረዋል።

ካድሚየም መርዝ አይደለም? ለሰውስ ይሰጣል?

ካድሚየም መርዝ ነው። ቅርፊቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ታፍኖ ይቀመጣል፤ አየርና አልትራቫዮሌት ቅርፊት በሌለው ዶት ላይ ሲበረታ ግን ካድሚየሙ ይለቀቃል፣ ሕዋሱም ይሞታል። በሳህን ላይ ላለ ሕዋስ፣ በአነስተኛ መጠንና በጥሩ ቅርፊት ለሰዓታት መሥራት ይቻላል። ትራፊውን ቧንቧ ውስጥ አይድፉ፤ ከከባድ ብረት ቆሻሻ ጋር ለይተው ያስቀምጡ። ካድሚየም የሌለበት ኢንዲየም ፎስፋይድ አማራጭ ነው።

የሰው ጉዳይ ሌላ ነው። በ2007 በአይጥ ዘር ላይ በተደረገ ጥናት ከነሽፋኑ ከ5.5 ናኖሜትር ያነሰ ቅንጣት በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል፤ ከዚያ የሚተልቀው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ የካድሚየም ዶት የላብራቶሪ መሣሪያ እንጂ ለታማሚ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ወደ ሰው የደረሱት ከሲሊካ የተሠሩ፣ ቀለም በውስጣቸው የታሰረባቸው ትናንሽ ቅንጣቶች ናቸው፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተፈጠሩት እነዚህ በ2014 በታተመ የመጀመሪያ ሙከራ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ላለባቸው አምስት ታማሚዎች ተሰጥተዋል።

ውድ ማይክሮስኮፕ ከሌለኝ መጀመር እችላለሁ?

ይችላሉ። ነጠላ ኳንተም ዶትን ለማየት ስቴድ አያስፈልግም፤ ጥሩ የዘይት ሌንስ ያለው ተራ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ለዶቱ ቀለም የሚስማማ ማጣሪያና ስሜቱ የሰላ ካሜራ ይበቃል። ሌንሱና ካሜራው ላይ አይቆጥቡ፤ ሌላው ላይ መቆጠብ ይቻላል። ትንተናውም በነፃ ይገኛል፦ ፊጂ የሚባለው የምስል ሶፍትዌርና በእሱ ላይ የሚጫነው ተንደርስቶርም መሃሎችን ፈልገው ያወጣሉ፣ በተራ ላፕቶፕም ይሠራሉ።

ከሲትሪክ አሲድ የሠራሁት ካርቦን ዶት ደምቆ ያበራል፤ ታዲያ ተሳክቶልኛል?

ገና አይበሉ። ካርቦን ዶት በ2004 ካርቦን ናኖቲዩብ ሲጣራ በአጋጣሚ የተገኘ ነው፤ ዛሬ ሲትሪክ አሲድንና ኤቲሊንዳያሚንን በታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሰዓት በማብሰል ይሠራል። ዕቃው ለግፊት የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፣ የወጥ ቤት ፕሬዠር ኩከር አይሆንም። የሚወጣው ቡናማ ፈሳሽ በአልትራቫዮሌት ሥር ሲያዩት ሰማያዊው ዓይን ይወጋል።

ያ ሰማያዊ ግን በአብዛኛው ከዶቱ ላይመጣ ይችላል። ሲትሪክ አሲድና ኤቲሊንዳያሚን ሲበስሉ በጣም የሚያበራ ትንሽ ሞለኪውልም ይፈጠራል፤ ብዙ ጊዜ ከዶቱ ይበልጥ የሚያበራው እሱ ነው። ፈሳሹን ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ጨምረው ብዙ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ውሃውን እየቀየሩ ቀናት ያቆዩት። በየጊዜው የተደፋውን ውሃ በመብራት ይዩት። ውጪው ውሃ ደምቆ ሲያበራ፣ ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ደግሞ ሲደበዝዝ ካዩ ያበራልዎ የነበረው ሞለኪውሉ ነበር። በዚያ ላይ ሕዋስ ራሱ በተፈጥሮው በሰማያዊ በኩል ስለሚያበራ፣ ካርቦን ዶት ያልነካውን ሕዋስ ጎን ለጎን ሳያነሡ ምንም አይደምድሙ።

ያየሁት ነጥብ እውነት የምፈልገው ፕሮቲን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ አንቲቦዲ የሌለበትን ዶት በተመሳሳይ መጠን ተመሳሳይ ሕዋስ ላይ ያድርጉ፤ የሚቀሩት ነጥቦች በአጋጣሚ የተጣበቁ ናቸው። ከዚያ ዒላማው ፕሮቲን ጨርሶ የሌለበት ሕዋስ ካለዎ በእሱ ላይ ይሞክሩ፤ ከሌለዎ አንቲቦዲውን አስቀድመው በነፃ ፕሮቲን አጥግበው ያዩት። ነጥቦቹ በሁለቱም ሙከራ ካልቀነሱ ማያያዣዎ ዒላማውን አላወቀም ማለት ነው።

የመለኪያውን ጥራት ለማወቅ ደግሞ ዶቶችን መስታወት ላይ አድርቀው አንዷን አንድ ሺህ ጊዜ ያንሡ፣ መሃሏን በየምስሉ ያስሉ። ዶቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ስለዚህ የመሃሎቹ መበተን የመሣሪያዎ ስህተት ነው። ብትንትኑ 8 ናኖሜትር ከሆነ ከዚያ ያነሰ እንቅስቃሴ በሕዋስ ላይ አየሁ ማለት አይችሉም። ብትንትኑ ክብ መሆን ሲገባው ወደ አንድ ጎን የተጎተተ ከሆነ ደግሞ ማይክሮስኮፑ እየተንሸራተተ ነው፤ መሣሪያው አንድ ሰዓት ያህል በርቶ እስኪረጋጋ ጠብቀው እንደገና ያንሡ። በመጨረሻ ያንኑ ፕሮቲን በሌላ፣ በትንሽ ምልክት ይድገሙት፤ ለምሳሌ በናኖቦዲ ላይ በተሰካ ተራ ቀለም። ፊልሙ አጭር ይሆናል፣ ነጥቡም ይደበዝዛል፤ ፍጥነቱ ግን ከኳንተም ዶቱ ጋር ከተቀራረበ የለኩት ፕሮቲኑን ነው። ትንሹ ምልክት በግልጽ ከፈጠነ ግን ኳንተም ዶቱ ፕሮቲኑን እየጎተተው ነበር።